የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መዝገብ እንዴት ይጠየቃል?

ከትምህርት ቤታችን ከወጡ ልጆች አንዱ ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር፣ በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት ለሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣለት። መልሱ ሦስት መስመር ሲሆን ማመልከቻው ተቀባይነት አለማግኘቱን ከመግለጽ በስተቀር ምክንያት የሚባል ነገር አልያዘም። ልጁ ወረቀቱን አሳትሞ ወደ መምህራን ክፍል ይዞት መጣና «ምን እንደጎደለኝ ባውቅ አሟላ ነበር፤ የማላውቀውን ምን ላሟላ?» አለን።

እውነቱን ለመናገር እኛም «አይዞህ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሞክር» ብለን ልንሸኘው ነበር። በካምፕ ውስጥ ስንኖር ምክንያት መጠየቅን ረስተነዋል። ስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስሙ ያለበት ይደሰታል፣ የሌለበት ወደ ብሎኩ ይመለሳል። ፕሮሰስ የጀመረም ቢሆን ኬዙ የት እንደደረሰ ለማወቅ ደጅ ሲጠና ይከርማል እንጂ «ፋይሌን አሳዩኝ» አይልም። ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የልጁ የአጎት ልጅ ግን ስልክ ደውሎ «ፋይሉን ለምን በጽሑፍ አትጠይቁም? እዚህ አገር እኮ ይጠየቃል» ሲለን መጀመሪያ ሳቅን፤ በኋላ ግን ነገሩን ማጥናት ጀመርን። በዚህ እትም የምናቀርበው ከዚያ ጥናት ያገኘነውንና በልጁ ጉዳይ ያየነውን ነው። ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው በአሜሪካ የሚማሩ፣ እንዲሁም ለማመልከት የሚዘጋጁ ነዋሪዎች ብዙ ስለሆኑ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በአሜሪካ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዘው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1966 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕግ የሚገዛው የፌዴራሉን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሲሆን ዩኒቨርሲቲዎችን አይነካም። ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራው ክፍለ ግዛቶቹ እያንዳንዳቸው ያወጡት የየራሳቸው ሕግ ነው። ሃምሳዎቹም እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው፤ ነገር ግን ስሙም፣ የቀን ገደቡም፣ ክፍያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤቱ የተጠየቀው ሰነድ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን በአሥር ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። በቨርጂኒያ አምስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ በቁጥር የተወሰነ ቀን የለም፤ ሕጉ «በተቻለ ፍጥነት» ይላል፤ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሕግ ሥር የሚወድቀው እንደ ውኃ ክፍል ወይም እንደ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሁሉ የክፍለ ግዛቱ አካል ስለሆነ ነው። ሕንፃው በግብር ገንዘብ ይሠራል፤ ደመወዙ በግብር ገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱ ደመወዝና የሥራ ውል፣ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ፣ ከነጋዴዎች ጋር የተደረገ የግዥ ውል፣ የሠራተኞች የሥራ ኢሜይል፣ ይህ ሁሉ በመርሕ ደረጃ ማንም ጠይቆ ሊያየው የሚችል ነው። የግል ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ ሃርቫርድና ዬል፣ በዚህ ሕግ አይገዙም። በስሙ ብቻ መለየትም አይቻልም። «ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው የግል ነው። «ፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው ግን ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ እሱንና ሦስት ጓደኞቹን ከአብዛኛው ግዴታ ነፃ አድርጓቸው የተወሰነ ዓመታዊ ሪፖርት ብቻ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ከሦስቱ አንዱ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ የተማሩበት ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት አንድ ታሪክ እንናገር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅጥር ግቢ ተማሪዎች ለተቃውሞ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳለ የግቢው ፖሊስ ዓይን የሚያቃጥል የበርበሬ ጋዝ ፊታቸው ላይ ረጨባቸው። የተቀረፀው ፊልም በዓለም ዙሪያ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለተጎዱት ተማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ነገሩም ያበቃ መሰለ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016፣ ሳክራሜንቶ ቢ የተባለው ጋዜጣ በክፍለ ግዛቱ የመዝገብ ሕግ መሠረት ጠይቆ ያገኛቸውን የውል ሰነዶች አወጣ። ሰነዶቹ ዩኒቨርሲቲው ቢያንስ 175,000 ዶላር ለአማካሪዎች መክፈሉን አሳዩ። የተከፈለውም ሰው በኢንተርኔት የግቢውን ስም ሲፈልግ የጋዙ ታሪክ ወደ ኋላ እንዲቀር ለማድረግና የግቢውንና የኃላፊዋን ስም ለማደስ ነበር። ኃላፊዋ ከሌሎች ጥያቄዎችም ጋር ተዳምሮ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሥራቸውን ለቀቁ። እዚህ ላይ የሚደንቀን ነገሩ የተገኘበት መንገድ ነው። ሰነድ የሰረቀ፣ ወይም በሌሊት መዝገብ ቤት ሰብሮ የገባ ሰው የለም። ጋዜጠኛው ደብዳቤ ጻፈ፤ መሥሪያ ቤቱም በራሱ ላይ የሚመሰክረውን ወረቀት አውጥቶ ሰጠ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ ዴይሊ ታር ሂል የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣና ሌሎች የዜና ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ከ2007 ጀምሮ በአስገድዶ መድፈርና በመሳሰሉት በደሎች በዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ሥርዓት ጥፋተኛ የተባሉት ተማሪዎች ስም፣ ጥፋታቸውና የተሰጣቸው ቅጣት ይገለጽልን አሉ። ዩኒቨርሲቲው የተማሪ መዝገብ ምሥጢር ነው ብሎ እምቢ አለ። ክርክሩ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች መግለጥ «ይችላሉ» ይላል፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ደግሞ ያልተከለከለውን ሁሉ መስጠት «አለባቸው» ይላል። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2020 በአራት ዳኞች ድምፅ በሦስት ተቃውሞ ዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ ፈረደ። የተበዳዮቹ ስም አልተጠየቀም፤ አልተሰጠምም። አራት ለሦስት የሆነ ፍርድ ስለሆነ አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ድርጅት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ በሚያጠኑት በማይክል ማን ላይ ዓይኑን ጥሎ፣ ቀድሞ በሠሩበት በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጻጻፉትን ኢሜይል ሁሉ ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው ጥቂቱን ሰጥቶ ብዙ ሺሁን ያዘ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2014 ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ፤ በምርምር ላይ ያለ መምህር እያንዳንዷ መልእክቱ የምትመዘዝ ከሆነ ጥሩ መምህራን እዚያ መሥራት አይፈልጉም የሚለውን ክርክር ተቀብሎ ነው። እኛ መምህራን ስለሆንን ይሆናል፣ ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለናል። የመዝገብ ሕግ እውነትን ማውጫ እንደሚሆን ሁሉ ሰውን ማድከሚያም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እኛ የሚቀርበውን ጥያቄ እናንሳ፤ መጠየቅ የሚችለው ማን ነው? የአገሩ ዜጋ ያልሆነ፣ ያውም በኬንያ በረሃ በካምፕ ውስጥ የሚኖር ስደተኛ ይችላል? መልሱ እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው። ቨርጂኒያ የመጠየቅ መብት ለራሷ ነዋሪዎች ብቻ የሰጠች ሲሆን፣ ከሮድ አይላንድና ከካሊፎርኒያ የመጡ ሁለት ሰዎች ይህን ተቃውመው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2013 በአንድ ድምፅ ክፍለ ግዛት እንዲህ ማድረግ ይችላል ብሎ ወሰነ። እንግዲህ አሜሪካዊው ራሱ በጎረቤት ክፍለ ግዛት ከተከለከለ የእኛ ነገር አይነሳም። ሚኔሶታ ግን በተቃራኒው ናት። እዚያ የመንግሥት መረጃ ሁሉ በሕግ ካልተከለከለ በስተቀር ክፍት ነው፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ሰነድ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነና ለምን እንደፈለገው እንዲናገር ሊገደድ አይችልም። ሰነዱን ሄዶ ማየት በነፃ ነው፤ እስከ መቶ ገጽ ለሚደርስ ተራ ቅጂ ደግሞ በገጽ ከ25 ሳንቲም በላይ ማስከፈል አይፈቀድም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚናገሩ ሰነዶችን ነው። የአንድ ተማሪ የግል ፋይል ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሁለቱን ማምታታት ጉዳት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ የተማሪን መዝገብ ለሌላ ሰው መስጠትን ይከለክላል፤ ለራሱ ለተማሪው ግን እንዲታይ ያዛል። ተማሪው በጽሑፍ ከጠየቀ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት። ስሕተት ካለም እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። መምህሩ «ሲ» የሰጠው «ቢ» ይገባኝ ነበር ብሎ መከራከሪያ ግን አይደለም፤ «ቢ» የሰጠው «ሲ» ተብሎ ከተመዘገበ ነው። ይህ መብት ዜግነት አይጠይቅም። ሆኖም አንድ ክፍተት አለበት፤ የተመዘገበ ተማሪን እንጂ አመልክቶ ያልተቀበሉትን ሰው አይሸፍንም። የእኛ ልጅ በዚህ ሕግ ቢጠይቅ ኖሮ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። የሚኔሶታ ሕግ ግን «ተማሪ» ሲል አመልካችንም ይጨምራል፤ ባለቤቱ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ሲጠይቅም በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጠዋል። ልጁን ያዳነችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤም አንድ ነገር እናስታውስ። በማመልከቻ ፎርም ላይ «መምህራን ስለ እኔ የጻፉትን ለማየት ያለኝን መብት ትቻለሁ» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው በኋላ ደብዳቤውን ማየት አይችልም። ልጆቻችን ሳያነቡ ምልክት ያደርጋሉ። ማድረጉ መጥፎ አይደለም፤ የምትተዉትን አውቃችሁ ተዉት ለማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የምንሰጠው ግን የሚከተለው ነው። ሕጉ የተማሪን መዝገብ ይሸፍናል ብለናል፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው እንደ ተራ የስም ዝርዝር የሚቆጥራቸውን ነገሮች ያለ ተማሪው ፈቃድ ለጠየቀው ሰው ሊሰጥ ይችላል። እነዚህም ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የሚማረው የትምህርት ዓይነት የመሳሰሉት ናቸው። ለአገሩ ልጅ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ከእኛ መካከል ግን የሸሸው ሰው ይፈልገኛል ብሎ የሚሰጋ፣ ቤተሰቡ አገር ቤት የቀረበት፣ አድራሻው እንዳይታወቅ የሚፈልግ አለ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎች አያውቁትም። ዩኒቨርሲቲው ምን ምን ነገር በዚህ ዝርዝር እንደሚያወጣ ማስታወቅ፣ ተማሪውም «የእኔ እንዳይወጣ» ብሎ በጽሑፍ እንዲከለክል ጊዜ መስጠት አለበት። ፎርሙ የሚገኘው በሬጅስትራሩ ክፍል ነው። በዚህ ዓመት የሚሄዱ ልጆች በተመዘገቡበት ሳምንት እንዲሞሉት አጥብቀን እንመክራለን፤ አንዴ የወጣ አድራሻ አይመለስምና። ከልክሎ የሞላ ሰው ስሙ በምረቃ መጽሔት ላይ ላይወጣ ይችላል፤ አንዳንድ እናቶች በዚህ እንደሚያዝኑ እናውቃለን።

ወደ ልጁ ጉዳይ እንመለስ። ጥያቄ ስንጽፍ የተማርነው ትልቁ ነገር ማጥበብ ነው። «ስለ እኔ ያላችሁን ሁሉ» ወይም «ለምን እንደጣላችሁኝ አስረዱኝ» ማለት አይሠራም። እነዚህ ሕጎች ያለውን ሰነድ ያሰጣሉ እንጂ ማብራሪያ አያሰጡም። ለጥያቄ መልስ መጻፍ ግዴታቸው ስላልሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ወረቀቱ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተላከ ሲሆን በአማርኛ ይዘቱ ይህ ነበር፦

«በክፍለ ግዛቱ የመንግሥት መረጃ አያያዝ ሕግ መሠረት፣ በዚህ ዓመት ያቀረብሁትን የመግቢያ ማመልከቻ የሚመለከተውን ፋይል፣ ይኸውም የደረሷችሁን ማስረጃዎች፣ በማመልከቻዬ ላይ የተጻፉ አስተያየቶችንና ውሳኔው የተመዘገበበትን ገጽ ቅጂ በኢሜይል እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ማንነቴን የሚያሳይ የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዣለሁ። ክፍያ ካለ አስቀድሞ ይገለጽልኝ። የማይሰጥ ክፍል ካለ የተከለከለበት የሕግ አንቀጽ ተጠቅሶ ይጻፍልኝ።»

መታወቂያ የተያያዘው የግል ፋይል ስለሆነ ነው፤ ባለቤቱ መሆኑን ሳያረጋግጡ መስጠት የለባቸውም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። ከላይ ሆኖ «አይቻልም» ማለትና «በዚህ አንቀጽ አይቻልም» ብሎ መፈረም በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዘጠነኛው የሥራ ቀን አሥራ አራት ገጽ መጣ። እኛ የጠበቅነው «ስደተኛ ስለሆነ» ወይም «ገንዘብ ስለሌለው» የሚል ነገር ነበር። ያገኘነው ግን በስድስተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ የተጻፉ ሁለት አጫጭር ማስታወሻዎችን ነው። አንደኛው የትውልድ ዓመቱ በሁለት ሰነዶች ላይ እንደማይስማማ፣ ሁለተኛው በስምንተኛ ክፍልና በሁለተኛ ደረጃ መካከል ያለው የዘጠኝ ዓመት ጊዜ እንዳልተገለጸ ይናገራል። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃውን ያመጣው ከአገር ቤት ነው። በማስረጃው ላይ የተወለደበት ዓመት 1994፣ ክፍሉን የጨረሰበትም 2009 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው። የካምፕ መታወቂያው 2002 ይላል፤ ሁለተኛ ደረጃ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ማስረጃውን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምነው እኛ መምህራን ስንሆን ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጠናቸዋል። ስለዚህ እዚያ ቢሮ ለተቀመጠው ሰው ልጁ በአንድ ወረቀት የስምንት ዓመት ታላቅ፣ በሌላው ታናሽ ሆኖ ታየው። ማኅተሙም ፊርማውም የእኛ ነው።

ስለሆነም ማስረጃ የሚያስተረጉሙ ሁሉ ይህን ልብ ይበሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። በትርጉሙ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍና የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን መግለጽ ይገባል። ለልጁም ይህንኑ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፈን፣ ትርጉሙን አርመን እንደገና ልከናል። አዲሱ ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስካሁን ሌሎች ስንት ማስረጃዎች እንደዚያ ተርጉመን እንደላክን ግን ስናስበው ያስጨንቀናል።

«ታዲያ እዚሁስ መጠየቅ አንችልም ወይ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የኬንያ ሕገ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 2010) በአንቀጽ 35 በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት የሚሰጠው ለ«ዜጋ» ነው፤ በ2016 የወጣው ማስፈጸሚያ ሕግም ለመልስ 21 ቀን ወስኖ መብቱን ለዜጎች አድርጎታል። በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ግን ዜጋ ሳይል ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን እንዲያይና ስሕተት ካለ እንዲያሳርም ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ስደተኛው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲጠይቅና እንዲያሳርም መብት ሰጥቷል። በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ መረጃ የመጠየቅን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቶ ለመልሱ ሠላሳ ቀን ወስኖ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕታቸው አገር ቤት የቀረባቸው ወንድሞችና እኅቶች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ፣ በቀንና በፊርማ ቢያደርጉት ቢያንስ ጠይቀው እንደነበር ማስረጃ ይኖራቸዋል። ወደ አገር ቤት መጻፍ ለሚያሰጋው ሰው ግን ይህን አንመክርም፤ አስቀድሞ ከጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ጋር ይመካከር።

ከዚህ በፊት በእኛ ያስተረጎማችሁት የትምህርት ማስረጃ ያላችሁ ነዋሪዎች ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ መምህራን ክፍል ይዛችሁት ብትመጡ ቁጥሮቹን አይተን በነፃ እናርማለን። ዋናውንና ትርጉሙን ሁለቱንም ያዙ። ዋናውን አይተን ወዲያው እንመልሳለን፤ እኛ ዘንድ አይቀርም።